የምንበላውን እናውቃለንን?

«ትናንት ምን በላህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣ ሰው አይገኝም። እንዲያውም ጥያቄው ከመቅለሉ የተነሣ የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን ክብደቱን ለማወቅ የሚፈልግ ወጣት ቢኖር ወረቀትና እርሳስ ይያዝና፥ ትናንት ከመኝታው ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ተመልሶ እስከ ተኛበት ሰዓት ድረስ ባፉ የገባውን ሁሉ ከነመጠኑ ይጻፍ። እንጀራው ስንት ነበር? ወጡ ስንት ጭልፋ? በወጡ ውስጥ የገባው ዘይት ወይም ቅቤ ስንት ማንኪያ? ቡናው ስንት ስኒ፥ በያንዳንዱስ ስኒ ስንት ማንኪያ ስኳር? ወደ ባልንጀራው ቢሮ ጎራ ባለ ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ የዘገናት እፍኝ ቆሎስ ትቈጠራለች ወይስ አትቈጠርም?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፈተናውን በራሱ ላይ ሞክሮታል። ቁርሱን፥ ምሳውንና ራቱን በጥንቃቄ ጽፎ፥ ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ተማሪ ደስ ብሎት ሳለ፥ ባለቤቱ ወረቀቱን አየችና «እኅትህ ቤት የጠጣኸውስ?» አለችው። ለካ ሁለት ብርጭቆ ጠላና አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ከነጭራሹ ከአእምሮው ወጥተው ኖሯል። ለመዋሸት አላሰበም፤ የሚዋሽበትም ምክንያት አልነበረውም። ሰው የሚያስታውሰው ገበታውን ነው እንጂ ጉርሻውን አይደለም።

ነገሩ የቤት ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልከፋም። ዳሩ ግን ስለ ሕዝብ ጤና በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ዕቅድ ሁሉ መሠረቱን ሲመረምሩት የሚገኘው ይኸው ትንሽ ጥያቄ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴቶች የብረት ክኒን ምን ያኽል ይታደል፥ በዱቄትና በዘይት ውስጥ ምን ይጨመር፥ በትምህርት ቤት ለሚመገቡ ልጆች ምን ይቅረብ የሚለው ውሳኔ «ሕዝቡ ምን ይበላል? ከሚበላውስ ምን ይጎድለዋል?» ከሚለው ይነሣል። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች አንዳንዶቹ ነገ መጠይቅ ይዘው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ ተማሪዎች ናቸው፤ ሌሎቹም የተሰበሰበው ቍጥር ተደምሮና ተካፍሎ ሲቀርብላቸው አንብበው የሚፈርሙ ሹማምንት ይሆናሉ። ስለዚህ ቍጥሩ እንዴት እንደ ተወለደ ማወቅ ለሁለቱም ወገን ተገቢ ነው።

የጉዳዩ ክብደትም ቀላል አይደለም። በ2016 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶ 38ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ሳያገኙ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ከሚደርሱት ልጆችም ከመቶ 57ቱ ደም አንሷቸው ነበር። ቁመት በሜትር ይለካል፤ ደምም በመሣሪያ ይመረመራል። ለዚህ ጉዳት ከሚያበቁት ምክንያቶች አንዱና ዋናው ግን በገበታው ላይ ነው፤ ገበታውን በቀጥታ የሚለካ ሜትር ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

የምግብና የጤና ምርመራ በታሪክ ሲታይ ድል ያገኘው በመርከብ ላይ ነው። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም «ሳልዝበሪ» በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ድዳቸው እየደማ ጉልበታቸው የከዳቸውን 12 በሽተኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ፥ ለያንዳንዱ ጥንድ ልዩ ልዩ ነገር ሰጠና ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ፈጥነው እንደ ዳኑ አየ። ይህ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ እናልፈዋለን። የጃፓን ባሕር ኃይል ታሪክ ግን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል።

በ1883 «ሪዩጆ» የተባለችው የጃፓን መርከብ ከረጅም የባሕር ጉዞ ስትመለስ ከ376 መርከበኞቿ 169 ያኽሉ ቤሪቤሪ በሚባለው በሽታ ተይዘው፥ ከነዚያም 25ቱ ሞተው ነበር። ቤሪቤሪ እግርን የሚያሳብጥና የሚያሰንፍ፥ በመጨረሻም ልብን የሚያደክም ደዌ ነው። ታካኪ ካኔሂሮ የሚባለው የባሕር ኃይሉ ሐኪም የመርከበኞቹን ቀለብ መዝግቦ መረመረና አብዛኛው የተፈተገ ነጭ ሩዝ መሆኑን አስተዋለ። እርሱም በሚቀጥለው ዓመት «ጹኩባ» የተባለችው ሌላ መርከብ በዚያው መንገድ እንድትሄድ፥ ቀለቧ ግን ሥጋ፥ ዳቦና ወተት የተጨመረበት እንዲሆን ብዙ ተከራክሮ አስፈቀደ። መርከቢቱ ስትመለስ በበሽታው የተያዙት ከሃያ የማይበልጡ ነበሩ፤ የሞተም አልነበረም።

ታካኪ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ትክክል አልነበረም። እርሱ ቀለቡን የለካው በውስጡ ባለው የፕሮቲን መጠን ስለ ነበረ በሽታውን ያመጣው የፕሮቲን ማነስ ነው ብሎ አመነ። እውነተኛው ጉድለት ዛሬ ቪታሚን ቢ አንድ የምንለው ነው፤ ይኸውም በሩዙ ልባስ ውስጥ ያለና ሩዙ ሲፈተግ አብሮ የሚሄድ ነው። ያን ጊዜ ስሙ እንኳ አይታወቅም ነበር። የጃፓን የምድር ጦር ሐኪሞች ይህን የምክንያት ድካም ይዘው የባሕር ኃይሉን ውጤት አንቀበልም አሉ። በዚህም የተነሣ በ1904 እና በ1905 ከሩስያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከሃያ ሺህ በላይ ወታደሮች በቤሪቤሪ አለቁ። በምክንያቱ የተሳሳተው ሰው በልኬቱ አልተሳሳተም ነበር፤ ልኬቱን የናቁት ግን ዋጋውን በሰው ነፍስ ከፈሉ።

ታካኪ ይህን ያኽል እርግጠኛ ሊሆን የቻለው ስለ ምንድን ነው? መርከብ የተዘጋ ቤት ስለ ሆነ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ቀለብ በሚዛን ተመዝኖ ይገባል፤ መርከበኛው ጎረቤት ሄዶ ቡና አይጠጣም፤ ሠርግ አይጠራም፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮ አይቀርብለትም። ሕዝብ ግን በመርከብ ላይ አይኖርም።

እስቲ በአገራችን አንድ መጠይቅ የያዘ ወጣት ወደ አንድ ቤት ገባ እንበል። አምስት ሰዎች ካንድ ትሪ ይበላሉ። አባትየው ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፤ እናቲቱ ስታስተናግድ ቆይታ በመጨረሻ ትቀመጣለች፤ ትንሹ ልጅ ወጡ የነካውን የእንጀራ ጠርዝ ይዞ ይጫወታል። ከትሪው ላይ ለእያንዳንዱ የደረሰው ስንት ነው? አያት የልጅ ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ቢያጐርሱት ያ ጉርሻ የሚጻፈው በማን ስም ነው? ጉርሻ ከሌላው ምግብ ሁሉ የጣፈጠ ቢሆንም ለሚዛን የማይመች ፍቅር ነው።

ቀኑም እንደ ሰዉ ይለያያል። በጾም ወራት ስለ ምግቡ የተጠየቀ ክርስቲያን ሽሮና ምስር ይላል፤ በፋሲካ ሰሞን ቢጠየቅ ዶሮና በግ ይላል፤ በሁለቱም ጊዜ እውነቱን ነው። ጾሙን የሚጠብቅ ሰው ከዓመቱ ቀኖች ግማሽ ያኽሉን ሥጋና ወተት ሳይቀምስ ያልፋልና፥ ጥያቄው በየትኛው ግማሽ ላይ እንደ ወደቀ ሳይገለጽ የተጻፈ ቍጥር ግማሹን ዓመት የደበቀ ነው። ሙስሊሙም በረመዳን የሚበላው ሌሊት ስለ ሆነ «ቁርስ፥ ምሳ፥ ራት» እያለ የሚጠይቅ ወረቀት ለእርሱ አይሆንም። ከዚህም በላይ ኅዳርና ታኅሣሥ እኽል ገብቶ ጎተራው የሚሞላበት፥ ሐምሌና ነሐሴ ግን የሚሟጠጥበት ወራት ነው። ገበሬውን በጥር ጠይቆ የነሐሴውን ረኃብ ማወቅ አይቻልም።

መርማሪዎቹ ይህን ችግር ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ያላቸውም መሣሪያ በጣም የተለያየ አይደለም፤ አንደኛው ያለፈውን ሃያ አራት ሰዓት ማስታወስ፥ ሁለተኛው «በሳምንት ስንት ጊዜ እንቁላል ትበላለህ?» እያሉ የዘወትሩን መጠየቅ፥ ሦስተኛው በቤቱ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር በሚዛን መመዘን ነው። መመዘን ከሁሉ ይሻላል ይባላል። ዳሩ ግን እንግዳ ሰው ሚዛን ይዞ በምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ የትኛዋ እመቤት ናት እንደ ወትሮዋ የምትሠራው? ወይ እንግዳ መጣ ብላ ወጡን ታበዛለች፤ ወይ ደግሞ ምዘናው ሲያሰለቻት ሁለተኛውን ወጥ ትተወዋለች። ሚዛኑ በትክክል መዝኗል፤ የተመዘነው ግን የዘወትሩ ገበታ አይደለም።

ሰው ስለ ምግቡ የሚናገረው ምን ያኽል ይታመናል? ይህን ለማወቅ ሰውየውን ሳይሆን ሰውነቱን መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ለዚህም አስደናቂ ዘዴ ተገኘ። በውሃ ውስጥ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን አሉ። ከተለመዱት ጥቂት ከበድ የሚሉ፥ ነገር ግን ጉዳት የሌላቸው ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ያሉበት ውሃ ተዘጋጅቶ ሰው ቢጠጣው፥ ሃይድሮጂኑ ከሰውነት የሚወጣው በውሃ መልክ ብቻ ሲሆን፥ ኦክስጅኑ ግን በዚያም ላይ በሚተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰውነት ምን ያኽል ምግብ እንዳነደደ ያሳያል። ከጎጆው የሚወጣውን ጢስ አይቶ የነደደውን ማገዶ እንደ መገመት ነው፤ ግምቱ ግን እጅግ የተጣራ ነው። ክብደቱ ያልተለወጠ ሰው ያነደደውን ያኽል በልቷል ማለት ነውና አፉ የተናገረውና ሰውነቱ የመሰከረው ሊነጻጸሩ ይችላሉ። ዘዴው በ1950ዎቹ ለእንስሳት ተፈልስፎ በ1980ዎቹ ለሰው ውሏል።

ንጽጽሩ የብዙዎችን ልብ አስደነገጠ። በአሜሪካ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር በ1999 እና በ2000 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ 484 ወንዶችና ሴቶች በዚህ ውሃ ተመረመሩ። ስለ ዘወትር ምግባቸው በተሰጣቸው መጠይቅ ላይ የሞሉት ኃይል ሰውነታቸው ካነደደው ጋራ ሲተያይ፥ በወንዶች ከመቶ 31 እስከ 36፥ በሴቶች ከመቶ 34 እስከ 38 ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሃያ አራት ሰዓቱን ሲጠየቁ ጉድለቱ ቢቀንስም አልጠፋም፤ በወንዶች ከመቶ 12 እስከ 14፥ በሴቶች ከመቶ 16 እስከ 20 ነበር። ከዚያ በፊት በ1992 የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ «ጥቂት እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለ» ብለው የመጡ አሥር ሰዎችን መርምሮ፥ የሚበሉትን ከግማሽ በጥቂት በማይተናነስ፥ ማለት ከመቶ 47 እጅ አሳንሰው እንደሚናገሩ አሳይቷል።

እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች አይደሉም። ሰው የሚያፍርበትን ይረሳል፤ የሚኮራበትን ያስታውሳል። በሜሪላንድ የሚያሳፍረው ኬክና ስኳር ሲሆን በእኛ አገር የሚያሳፍረው ባዶ ሌማት ነው። ስለዚህ የእኛ ስሕተት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊያዘነብል እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ኩሩዋ እናት በእንግዳ ፊት «ልጆቼ ሽሮ ብቻ በሉ» ከማለት ወጡን ሁለት ታደርገዋለች፤ ያ እንግዳ ደግሞ የእርዳታ መዝጋቢ ከመሰላት የበሉትን ቀንሳ ትናገራለች። ጠያቂው የለበሰው ልብስና የያዘው ቦርሳ መልሱን ይለውጠዋል ብንል የተጋነነ አይሆንም።

ሰዉ የበላውን በትክክል ቢናገር እንኳ ሥራው ገና ነው። «ሁለት እንጀራ» የሚለውን ቃል ወደ ፕሮቲን፥ ወደ ብረትና ወደ ቪታሚን የሚለውጥ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በአገራችን የዚህ ሥራ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ስለ ጤፍ ብረት ብቻ ያለው እንኳ ለአንድ እሑድ ይበቃል።

በ1958 ከአሜሪካ የመጡ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ባደረጉ ጊዜ ያገኙት አንድ ነገር አስገረማቸው። ጤፍ የሚበላው ሕዝብ በየቀኑ የሚያገኘው ብረት አንድ ሰው ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ሆኖ ታየ። ከስዊድን ጋራ በተደረገ ስምምነት በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል፥ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፥ ጥናቱን ቀጠለ። ይንቬ ሆፍቫንደር የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም በ1968 ስለዚሁ ስለ በዛው ብረትና ስለ ሕዝቡ ደም የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ለኢትዮጵያ ምግቦች የተዘጋጀ የይዘት ሠንጠረዥ ወጣ። «ጤፍ የብረት ጎተራ ነው» የሚለው ወሬም ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ተሰራጨ፤ ዛሬ ጤፍን በውጭ አገር የሚሸጡ ነጋዴዎችም ይህንኑ ይናገራሉ።

ነገር ግን ብረቱ ከየት መጣ? በ1980 ሦስት የኢትዮጵያ መርማሪዎች በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ጤፉን በአሲድ አጥበው ሲለኩት ብረቱ እጅግ መቀነሱንና ከሌሎቹ እኽሎች ጋራ መቀራረቡን አሳዩ። የተቀረው ብረት የአውድማው አፈር ነበር። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ አዝመራው በመሬት ላይ ተነጥፎ በበሬ ኮቴ ይበራያል፤ ቀይ አፈሩ ከፍሬው ጋራ ይላወሳል፤ ስንዴና ባቄላ የሚለቀሙትን ያኽል ጤፍን ለቅሞ ማጽዳት አይቻልም። በዚህ ምክንያት በልዩ ልዩ ጽሑፎች የተመዘገበው የመቶ ግራም ጤፍ ብረት አንዱ ዘንድ አሥር ሚሊግራም ያኽል፥ ሌላው ዘንድ 150 ሚሊግራም ሆኖ ይገኛል። የለኩት ሁሉ በትክክል ለክተዋል፤ አንዱ የለካው እኽሉን ነው፤ ሌላው የለካው እኽሉንና አውድማውን ነው።

ከአፈር የመጣውን ብረት ሰውነት ምን ያኽል ይጠቀምበታል የሚለው እስከ ዛሬ ሊቃውንትን የሚያከራክር ጉዳይ ነው። በእኽሉ ውስጥ ያለውም ቢሆን ሁሉ ወደ ደም አይገባም። በፍሬው ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ነገር አለ፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ይህ ነገር ይቀንሳል፤ ምን ያኽል እንደሚቀንስ ግን በመብላላቱ ጊዜና በእኽሉ ዓይነት ይወሰናል። ከምግብ ጋራ የሚጠጣው ቡናና ሻይም ብረቱን ከመንገድ ያስቀሩታል። ስለዚህ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ጤፍ ገዝተው፥ አንዱ በሚገባ አብኩቶ ቢጋግርና ቡናውን አቈይቶ ቢጠጣ፥ ሌላው ሳያቦካ ቢጋግርና ወዲያው ቡና ቢጠጣ፥ በሠንጠረዡ ፊት እኩል ናቸው፤ በደማቸው ግን ላይተካከሉ ይችላሉ።

እንግዲህ አንድ ሹም ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ «የዚህ አገር ሰው ብረት ስለማይጎድለው የክኒኑ ወጪ ይቅር» ብሎ ቢፈርም ምን ይሆን ነበር? በ2009 የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉት ከመረመሯቸው ሴቶች ከመቶ 30 ያኽሉ ደም እንዳነሳቸው፥ ግማሽ ያኽሉም የብረት ጉድለት እንዳለባቸው አመልክቷል። ጥናቱ ገና ከርእሱ ጀምሮ ችግሩ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም ብሎ የተነሣው «ብርቅ ነው» የሚል የቆየ አሳብ ስለ ነበረ ነው። በወረቀት ላይ በብረት የሞላ ገበታ፥ በአጠገቡ ደግሞ ደም ያነሳት እናት ሲገኙ፥ የሚታመነው ወረቀቱ ሊሆን አይችልም።

ደምም ቢሆን ያለ ትርጓሜ አይናገርም። በደጋ የሚኖር ሰው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ደሙ ይወፍራል ተብሎ፥ ደም ማነስ ሲቈጠር ለከፍታው ማስተካከያ ይደረጋል። ማስተካከያው የተወሰደው ግን ከሌላ አገር ሰዎች ልኬት ነው። በ2002 የታተመ ምርመራ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ደም ሲለካ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ደም ብዙ እንደማይለይ አግኝቷል። ለነዚህ ሰዎች የሌላውን አገር ማስተካከያ ማልበስ ጤነኛውን ደም ያነሰው ብሎ እንደ መጻፍ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በ2021 በዳውድ ጋሹ መሪነት የታተመው የኢትዮጵያና የማላዊ የእኽል ጥናት በእኽል ውስጥ ያለው ዚንክና ሴሌኒየም ከቦታ ወደ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። አፈሩ ሲለወጥ እኽሉ ይለወጣል። አብዛኛው ገበሬ የሚበላው ከራሱ ማሳ ወይም ከአቅራቢያው ገበያ ስለ ሆነ፥ ለአገሩ ሁሉ የተጻፈ አንድ የጤፍ ቍጥር ለአንዱ ወረዳ የበዛ፥ ለሌላው ያነሰ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ተማሪ «እንግዲያማ ሁሉም ከንቱ ነው» ብሎ መጽሐፉን እንዳይዘጋ እንፈራለን። የሚለካበት መንገድ የታወቀለት ነገር ሲገኝ ሥራው ምን ያኽል እንደሚቀና አዮዲን ምስክር ነው። እንቅርትን የሚከለክለው ይህ ማዕድን ከተበላው አብዛኛው በሽንት ስለሚወጣ፥ ማንንም «ምን ዓይነት ጨው በላህ?» ብሎ መጨቅጨቅ ሳያስፈልግ የሕዝቡን ሁኔታ ከሽንት ናሙና ማወቅ ይቻላል። በ2011 ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ሲወጣ፥ ደንቡ ሠርቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሠራ የሚታወቅበት መንገድ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ለሌሎቹ ንጥረ ነገሮች እንዲህ ያለ ታማኝ ምስክር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ምስክር በሌለበት ቦታ የሚደርሰውን አደጋ ፊንላንድ አይታዋለች። አትክልትና ካሮት የሚያበዙ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ሲቀንስላቸው በብዙ መጠይቅ ታይቶ ስለ ነበረ፥ ይህን የሚያደርገው በአትክልቱ ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን የተባለ ቀለም ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ከዚያም 29,133 ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ይህን በክኒን፥ ገሚሶቹ ይህ የሌለበትን ክኒን ለብዙ ዓመት ዋጡ። በ1994 ውጤቱ ሲገለጽ የሳንባ ካንሰር ቤታ ካሮቲን በዋጡት ላይ በመቀነስ ፈንታ ከመቶ 18 እጅ ብልጫ አሳየ። በአሜሪካም ይህን የመሰለ ሌላ ሙከራ ጉዳቱ ስለ ታየ በ1996 እንዲቋረጥ ተደረገ። አትክልት የሚያበዛ ሰው በሌላውም ኑሮው ከማያበዛው ይለያል፤ መጠይቁ አትክልቱን ጻፈ፤ ኑሮውን ግን ሳይጽፍ ቀረ።

ሰውን በአንድ ቤት አስገብቶ የሚበላውን ሁሉ መዝኖ መስጠት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። በ2019 በታተመ የአሜሪካ ሙከራ እንዲህ ተደርጎ 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተሰናዳ ምግብ፥ ሁለት ሳምንት ደግሞ ከቤት ምግብ የተቀራረበ እየቀረበላቸው እንደ ልባቸው ሲበሉ፥ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያኽል ጨምረው ተገኙ። ሙከራው ጥሩ ነው፤ ሃያ ሰው ለአራት ሳምንት ማለት ግን እንደ ታካኪ መርከብ ያለ የተዘጋ ቤት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ የልብ በሽታ ሊነግረን አይችልም።

በእኛ በኩል የምንጠይቀው ታላቅ ነገር አይደለም። ለፊርማ የሚቀርብ የምግብ ቍጥር ሁሉ ከየት እንደ መጣ አብሮ ይጻፍ፤ በየትኛው ወር፥ በጾም ወይስ በፍስክ፥ ማን መለሰ፥ ተመዘነ ወይስ ተገመተ፥ የይዘቱ ሠንጠረዥስ የየትኛው ዓመት ነው? ይህ ሳይጻፍ የመጣ ወረቀት ወደ መጣበት ቢመለስ ፈራሚው ሥራ አጓተተ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። አንድን ሰው አንድ ቀን ብቻ ጠይቆ ስለዚያ ሰው መፍረድም ይቅር፤ የአንድ ቀን ጥያቄ ስለ ብዙ ሰው አማካይ ይናገር እንደ ሆነ እንጂ ስለ አንዱ ሰው ዘወትር አይናገርም። ገንዘብ ካነሰ ቤቶቹን ቀንሶ ቀኖቹን ማብዛትና ከተጠየቁት ጥቂቶቹን ደማቸውን መርምሮ ማነጻጸር የተሻለ ይመስለናል። በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተደገመ ስሕተት ብዛቱ እውነት አያደርገውም።

መጠይቁን ይዞ ለሚዞረው ተማሪም አንድ ቃል አለን። በርጩማ ሲሰጥህ ቁጭ በል፤ ቡናውንም ጠጣ። «ወተት ትጠጣላችሁ አይደል?» ብለህ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስገባ። እናቲቱ «ራት አልበላንም» ስትልህ ፊትህን አታጥቍር፤ አታባብላትም፤ እንደ ነገረችህ ጻፍ። የማታውቀውንም «አላወቅሁም» ብለህ ክፍቱን ተወው፤ ማታ በመኝታህ አጠገብ በግምት የሞላኸው ሳጥን ነገ የአንድ ወረዳ ሠንጠረዥ ሆኖ ይመጣልና።

የጤፉ ነገርም ገና አላለቀም። በአንዳንድ ቦታ የበሬው ኮቴ ቀርቶ የመውቂያ ማሽን እየገባ ነው፤ ሸራ ዘርግቶ የሚወቃውም እየበዛ ሄዷል። አዝመራው ከአውድማው አፈር ሲለይ በጤፉ ውስጥ ያለው ብረት ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። ምን ያኽል እንደሚቀንስና ይህም በእናቶች ደም ላይ ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ በበሬ ከተበራየውና በማሽን ከተወቃው ካንድ ማሳ እፍኝ እፍኝ ጤፍ ወስዶ ጎን ለጎን መለካት ያስፈልጋል። ይህም አንድ ትጉህ ተማሪ በአንድ የመከር ወራት ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።